ያልሰመረ ስለት

ባለፈው የመድኃኔዓለም ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቀየት የመጣ አንድ ሰው ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ ስለቱ እንደሰመረለት ተናገረ። የታመመ በሬው ድኖለት ነው። ሴቱ ሁሉ እልል አለ። እኔም አልኩ፤ በሬ ቀላል ነገር አይደለም። አጠገቤ የነበረችው ጎረቤቴ ዙሪያሽ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ዝም አለች። ባለፈው ክረምት የመጀመሪያ ልጇን ቀብራለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ። በእሷ ዕድሜ እኔም እልል ማለት አቅቶኝ ያውቃል።

ያኔ ከተዳርኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። የበኩር ልጄ መዳህ በጀመረበት ክረምት ሳል ጠናበት። ለመድኃኔዓለም ተሳልኩ፤ ልጄን ካዳንክልኝ በእጄ ከፈተልኩት የበግ ጠጉር ምንጣፍ አሠርቼ አስገባልሃለሁ አልኩት። መንዝ ውስጥ ሌላው ቢጠፋ የበግ ጠጉር አይጠፋም። ልጁን አጠገቤ አስተኝቼ፣ ትንፋሹን እያዳመጥኩ እንዝርቴን አሾር ነበር። ነሐሴ ላይ፣ ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ልጄ ሞተ።

ጠጉሩ ግማሹ ተፈትሎ፣ ግማሹ ሳይፈተል ጓዳ ቀረ። አማቴ እትዬ በላይነሽ ያልሰመረ ስለት አይገባም፣ ይልቅ ብርዱ ሳይመጣ ባና ይሠራበትና ልበሱት አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በደንቡም ልክ ናቸው። ባሌም ተስማማ። የልጁን ስም ግን በቤቱ የሚያነሳ ጠፋ። እንዳይብስባት ብለው ነው። እኔን ያባሰኝ ያው ዝምታቸው ነበር።

መፍተሌን ቀጠልኩ። በመንፈሳዊነት እንዳይመስላችሁ፤ ተናድጄ ነበር። ምንጣፉን ይዤ ሄጄ በሕዝብ ፊት “እኔ ቃሌን ጠበቅሁ፣ አንተስ?” ልለው ነው። እጄ በጠጉሩ ቅባት ወዝቶ፣ በግ በግ እየሸተትኩ፣ ቀኑን ሙሉ ለእግዚአብሔር የምናገረውን ሳሰናዳ እውላለሁ። አሁን ሳስበው ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ አጥብቄ ጸልዬ አላውቅም።

የጥቅምት መድኃኔዓለም ደረሰ። ሜዳው በውርጭ ነጥቷል፤ ገብሱ ማሸት ጀምሯል። ሸማኔው የሠራውን ምንጣፍ ባሌ ተሸከመልኝ። አማቴ ከኋላችን ይከተላሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስለት አስገቢዎች ተራ በተራ እየቆሙ የተደረገላቸውን ይናገራሉ፤ እልልታው ይቀልጣል። ተራዬ ሲደርስ ያን ሁሉ ቀን ያሰናዳሁት ወቀሳ ከአፌ ጠፋ።

“ልጄን አድንልኝ ብዬ ተስዬ ነበር። ልጄ ሞቷል። ስለቴ ይኸው” አልኩ።

ሴቶቹ እልል ይበሉ ወይ ያልቅሱ ግራ ገባቸው። የነፍስ አባታችን መምሬ ተክሌ ጠጋ ብለው ምንጣፉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ይገሥጹኛል ብዬ ነበር።

“የክርስትና ስሙ ማን ነው፣ ልጄ?” አሉኝ።

“ገብረ ማርያም።”

ስሙን ደግመው ጮክ ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ። ከዚያ ወደ ዲያቆኑ ዞረው፣ “ከስቅለቱ ሥዕል ሥር አንጥፉት። እመቤታችንም እዚያ ቆማ አይታለች” አሉ።

አለቀስኩ፤ ልጄ ከተቀበረ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። መጀመሪያ እልል ያሉት ደግሞ፣ ምንጣፉ አይግባ ያሉት አማቴ ናቸው። ድምፃቸው በለቅሶ ይቆራረጥ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ ልጁ አወራን፤ አመዱን እየቆነጠረ ሲበላ እንደያዙት አማቴ ሲነግሩን ባሌ ሳይቀር ሳቀ።

ምንጣፉ ዛሬ አልቆ በፋብሪካ ሥሪት ተተክቷል። እግዚአብሔር ልጄን ለምን እንደወሰደ እስካሁን አልነገረኝም። ከእሱ ጋር የታረቅሁት መልስ አግኝቼ ሳይሆን፣ ሐዘኔን እንደ ስለት ከቤቱ ስለተቀበለኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ልጆች ሰጥቶኛል። ልጆችሽ እነማን ናቸው ሲሉኝ ግን ከገብረ ማርያም ነው የምጀምረው።

ያን ዕለት በሬው የዳነለት ሰውዬ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ወደ ዙሪያሽ ጠጋ አልኩና፣ “ልጅሽ ስሙ ማን ነበር?” አልኳት።

ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ነገረችኝ።