ነፃው ሕክምና

በስፌት ቤቱ ውስጥ እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ሰው አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ ኖራ ስሟም «ኮሌታ» ሆኖ ቀረ። እሷም ቅር አላላትም። ቁልፍ ማንም ይተክላል፤ ኮሌታ ግን ጫፉ ትንሽ ከተንሻፈፈ ሸሚዙ ሁሉ የሰካራም ልብስ ይመስላል። ስለዚህ ከሴቶቹ ሁሉ የተሻለ የሚከፈላት እሷ ነበረች። የቤት ኪራዩም የልጇ ትምህርትም የተንጠለጠሉት በዚያች የስፌት መኪና ላይ ነው።

ሴቶቹ ጠዋት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሁለት ነገር ያደርጋሉ። መኪናቸውን ዘይት ይቀባሉ፤ ከዚያ መስኮቱ ሥር ካለው ጣሳ የራስ ምታት ክኒን አንስተው ይውጣሉ። ያመማቸውም ያላመማቸውም። ጣሳውን የሚሞላው የስፌት ቤቱ ጌታ ራሱ ነው። «መኪና ሳይጮህ ነው የሚቀባው» ይላል። እነሱም ይህን እንደ ትልቅ ጥበብ ተቀብለው ሕመሙን ገና ሳይመጣ መንገድ ላይ ይጠብቁታል። ጌታው ደግ ሰው ነው ይባላል፤ እንዲህ ያለ ደግነት በሩቁ ይሁን።

ኮሌታ መጀመሪያ አንድ ትውጥ ነበር። ኋላ ከምሳ በኋላ አንድ ጨመረች። ጣሳው ድረስ መመላለሱ ሥራ ሲያስፈታት ደግሞ መኪናዋ አጠገብ መደርደር ጀመረች። ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ራሷን ሳይፈልጣት የምትነቃበት ጠዋት ጠፋ። ባሏ «ኧረ ተመርመሪ» ሲላት «ዛሬን ልወጣና» ትለዋለች። እንዲህ እያለች ስንቱን ዛሬ ወጣችው።

አንድ ቀን ዓይኗ ጭልም አለባትና መርፌው በጨርቁ ፋንታ ጣቷን ሰፋው። ጤና ጣቢያ ያገኘቻት ወጣት ሐኪም ጣቷን ካሰረችላት በኋላ ስለ ራስ ምታቷ ጠየቀቻት። ቦርሳዋንም አስከፍታ አየች።

«እናቴ፣ የሚያሳምምዎት ይሄው ክኒን ነው» አለቻት። «በየቀኑ ሲወስዱት መልሶ ራስዎን ያምዎታል።»

«ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«ማቆም ነዋ። መጀመሪያ ይብስብዎታል፤ ሁለት ሳምንት ያህል ሥራ አይችሉም። ከዚያ ይለቅዎታል። ደግሞ ምንም አያስወጣዎትም፣ ነፃ ነው።»

ሐኪሟ ክፉ ሰው አልነበረችም። በሠራው ልክ ብቻ የሚከፈለው ሰው ቤት ኖራ አታውቅም እንጂ።

ጌታው ነገሩን ሰምቶ «ሂጂ፣ ታከሚ» አላት። «ግን ኮሌታ የሌለው ሸሚዝ ማን ይገዛኛል?» ብሎ ቁልፍ ተካይዋን በኮሌታ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ቁልፍ ተካይዋ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ እጇን ይዛ ስፌት ያስለመደቻት ኮሌታ ነበረች። «አይዞሽ እትዬ፣ ወንበርሽን እጠብቅልሻለሁ» አለቻት። ከልቧ ነበር።

ኮሌታ ቤቷ ገብታ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ ተኛች። አስመለሳት፤ አንቀጠቀጣት። ክኒን ግዢልኝ ብላ ልጇን እስከመለመን ደረሰች፤ ልጅቷ እያለቀሰች እምቢ አለች። ቤት ውስጥ መጀመሪያ ዘይቱ አለቀ፣ ከዚያ ስኳሩ፤ አከራይዋም እየተመላለሰች በር አንኳኳች። ባሏ ጨርቅ አርሶ ግንባሯ ላይ እያደረገ «ነፃው እንዲህ ካደረገን፣ የሚከፈልበት ይቅርብን» አላት። ሳቀች፤ ሳቁም አሳመማት።

ከዕለታት በአንዱ ጠዋት ስትነቃ የሆነ ነገር የጎደለ መሰላት። ምን እንደሆነ እስክታውቀው ጥቂት ጋደም አለች። የጎደለው ሕመሙ ነበር። ደስታዋን ለማን እንደምትነግር ጨነቃትና ባሏን ቀሰቀሰችው።

በዚያው ጠዋት ወደ ስፌት ቤቱ ሄደች። «እንኳን እግዜር ማረሽ» አላት ጌታው። «ቁልፍ ተካይዋ ግን እጇ ፈጥኗል፤ ካንቺ በላይ ታወጣልኛለች። ለጊዜው ቁልፉን ያዢ።» ቁልፍ መትከል የኮሌታን ግማሽ እንኳ አያስገኝም። ለጊዜው የሚባለው ነገር ስንት ዘመን እንደሚቆይ ደግሞ አሳምራ ታውቃለች።

ደሟ ፈላ። ቁልፍ ተካይዋን ልክ ልኳን ልትነግራት ወደ መኪናው ሄደች። ሴትዮዋ አፍራ አቀርቅራለች። ኮሌታ አፏን ከመክፈቷ በፊት ግን ከመኪናው ዘይት አጠገብ የተደረደሩትን ክኒኖች አየች። ስድቡ ከጉሮሮዋ ተመለሰ።

«ራስሽን ያምሻል?» አለቻት።

«ትንሽ። መኪናው ይከብዳል መሰለኝ።»

«መኪናው አይደለም፣ ክኒኑ ነው። ባክሽ በእኔ ይብቃ፤ ተይው።»

ቁልፍ ተካይዋ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ትቼው ብተኛ፣ እኔስ ወንበሬን ማን ይጠብቅልኛል፣ እትዬ?» አለች። ከዚያ «ዛሬን ልወጣና» ብላ አንዱን አንስታ ዋጠች።

ኮሌታ ሄዳ የቁልፉ ሣጥን አጠገብ ተቀመጠች። ጌታው ከመተኮሻው በኩል «ኮሌታ!» ብሎ ሲጣራ እንደ ልማዷ ቀና አለች። ጌታው ግን ወደ እሷ አላየም።

«አቤት» አለች ቁልፍ ተካይዋ፣ ከመኪናው ላይ።

ኮሌታ አጎንብሳ መርፌው ላይ ክር አስገባች።