አያቴና የፋርሱ ነሐስ ቀጥቃጭ

የእናቴ አባት፣ አያቴ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ታሪክ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። «ቀጥቃጭ» የሚለውን ቃል ለስድብ ሲያውሉት ከሰሙ፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ብድግ ይሉ ነበር።

አባቴ የዘመሮ ከተማ ቀጥቃጭ ልጅ ነው። እናቴን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ ዘመድ ሁሉ «ከቀጥቃጭ ጋር አንጋባም!» ብሎ ተነሣ። አያቴ ግን ብድግ አሉና፣ «በፋርስ አገር የሰፋሪዶችን መንግሥት ያቆመው ነሐስ ቀጥቃጭ ነው። የባግዳዱ ኸሊፋ የፈራውን እጅ እናንተ ልትንቁት ነው? ልጄን ሰጥቻለሁ!» አሉ።

ዘንድሮ እህቴን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ቤታችን ሲመጡ የአያቴ ወንበር ባዶውን ነበር። «ለመሆኑ ዘራችሁ ከወዴት ነው?» አሉን። አባቴ አቀረቀረ።

እኔ ብድግ አልኩ።

«የቀጥቃጭ ዘር ነን። ከፋርስ ልጀምርላችሁ?»