የባሕር ውሃ የቀመሱልን ጎረቤት

ይህ ገጠመኝ በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ አብነት ሰፈር ጎሚስታ ቤት ከፍቼ ጎማ እጠግን በነበረበት ጊዜ የሆነ ነው። ዘመኑ የሰልፍና የስብሰባ ስለነበር ብዙ ሰው ከዚያ ጊዜ የሚያስታውሰው ከባድ ከባዱን ነው። እኔን ግን ያ ጊዜ ሲነሳ ቀድማ ትዝ የምትለኝ መዳፍ የማትሞላ አንዲት ዓሣ ናት። ይህን ስል ሰው ይስቅብኛል። መሳቁን አልጠላም፤ ግን ታሪኩን ሰምቶ ይሳቅ።

ቤታችን ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነበር። ከባለቤቴ ከአስቴር ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እንኖራለን። አባቷ አባባ ይመር አሰብ ወደብ ላይ በጀልባ ሠራተኛነት ያረጁ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሲሞቱባቸው "እዚያ ብቻዎን ምን ያደርጋሉ?" ብለን ለምነን ወደ እኛ አመጣናቸው።

መጡልን፤ ግን ዝም አሉ። ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ሲመሽ ተነስተው ይተኛሉ። ምግብ ሲቀርብ "እግዜር ይስጥልኝ"፣ ሲነሳ "እግዜር ይስጥልኝ"፤ ከዚያ ሌላ ቃል የለም። አስቴር ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ዝምታ የማልችል ሰው ነኝ፤ ጎማ ስጠግን እንኳ ከጎማው ጋር አወራለሁ። አማቴ ቤቴ ተቀምጠው ቀስ በቀስ ሲያልቁ ማየት አንገበገበኝ።

አንድ ቀን ጌታሁን የሚባል ደንበኛዬ ጎማ ሊያስጠግን መጣ። የአሰብ መስመር ሾፌር ነው። ስለ አማቴ ሳጫውተው "ሰውየው ባሕሩ ነው የናፈቃቸው። ቆንጥሬ ላምጣላቸው?" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ "አምጣ! ማስቀመጫውን እኔ እሠራለሁ" አልኩት። ሁልጊዜ ጣጣ የሚያመጣብኝ ይሄ አፌ ነው።

ጌታሁን ከሄደ በኋላ ነው ምን ውስጥ እንደገባሁ የገባኝ። የባሕር ዓሣ እንዴት እንደሚኖር ቀርቶ ባሕር ራሱን አይቼ አላውቅም። አንድ ሆቴል ለሥራ ስሄድ የዓሣ ገንዳ ማየቴ ትዝ አለኝና ተመልሼ ሄድኩ። ገንዳውን የሚያጸዳው ሰው ሳይሰለች አስረዳኝ። ዓሣን የሚገድላት የራሷ ቆሻሻ ነው አለኝ። ስለዚህ ውሃው ገንዳው ውስጥ በተነጠፈው አሸዋ ሰርጎ እየተጣራ ይወርዳል፤ ከሥር ደግሞ በቱቦ ወደ ላይ ይመለሳል። ውሃውን በቱቦው ይዞ የሚወጣው ከታች የሚነፋ አየር ነው። አየሩን የሚነፋው መሣሪያ ግን ከውጭ የመጣ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነበር፤ ለእኔ ቢጤ የሚታሰብ አልነበረም።

እዚያው ቆሜ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ሲል ሳይ ሳቄ መጣ። ጎሚስታ የጎማን ቀዳዳ የሚያገኘው ጎማውን በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን በማየት ነው። ቀኑን ሙሉ አረፋ ሳይ የምውል ሰው ይሄ ሊያቅተኝ ነው?

ሥራ ጀመርኩ። ብየዳ ቤት ከወዳደቀ ብረት ፍሬም አስበየድኩ። ለመስኮት የሚሆን መስታወት ገጠምኩበትና በስቱኮ አሸግኩት። መጀመሪያ ላይ በአራቱም ማዕዘን አፈሰሰ። አስቴር "ወለሉን በነጻ እያጠብክልኝ ነው" አለችኝ። እንደገና ነቅዬ አሸግኩት። ከሥሩ በጋለ ምስማር የበሳሳሁትን የጀሪካን ፕላስቲክ ከፍ አድርጌ አነጠፍኩ፤ አሸዋው እሱ ላይ ይተኛል ማለት ነው። ውሃው የሚመለስበትን ቱቦም አቆምኩበት።

ለአየሩ አንድ የከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ነፋሁና መንፊያው አፍ ላይ የግሉኮስ ቱቦ ገጠምኩ። ሰው ያስታመመ ያውቀዋል፤ ቱቦው ላይ ጠብታውን የምታበዛና የምታሳንስ ትንሽ ነገር አለች። እሷን ጠበቅ ሳደርጋት አየሩ ቀስ እያለ ይወጣል። አንዴ የተነፋ ጎማ እስከ ማታ ይተነፍሳል። የግሉኮሱን ቱቦ በትልቁ ቱቦ ውስጥ ነክሬ የመጀመሪያው አረፋ ውሃውን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ደስታዬ አልቆየም። ውሃው ላይ የዘይት ዐይን ተንሳፈፈ። ለካ ጎማውን የነፋሁበት የሥራ ቤቴ ኮምፕሬሰር ከአየሩ ጋር ዘይት ይተፋል፤ ጎማ ስለማያማርር እስከዚያ ቀን አላወቅኩም! ደግነቱ ዓሣዋ ገና አልመጣችም። ሁሉንም አጥቤ ከዚያ በኋላ በእጅ መንፊያ ብቻ መንፋት ጀመርኩ። ጠዋትና ማታ ስነፋ ትከሻዬ እስኪገነጠል ድረስ ነው።

ጌታሁን ቃሉን ጠበቀ። በጀሪካን በጀሪካን የባሕር ውሃ፣ በማዳበሪያ ዛጎል የተቀላቀለበት አሸዋ፣ ከዚያም ክዳኑ የተበሳሳ ባልዲ ይዞ ከተፍ አለ። ኬላ ላይ ፈታሾች ጀሪካኑን አረቄ ነው ብለው ይዘውት ነበር። "ቅመሱታ አልኳቸው። አንደኛው ጥሩ አድርጎ ተጎነጨ፤ እስካሁን እየተፋ ይሆናል" አለን።

ባልዲው ውስጥ ቢጫ ሆና ጥቁር ጥቁር መስመር ያላት አንዲት ዓሣ ነበረች። ወደ ገንዳው ስንለቃት አባባ ከመስኮቱ ዞረው አዩ። ቀስ ብለው ተነስተው መጡ። ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩና "እነዚህ የመርከብ ማሰሪያው ምሰሶ ሥር አይጠፉም። ከምሳችን ስንጥልላቸው ይሻሙ ነበር" አሉ። አስቴር የያዘችውን ሳህን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። አባቷ ይህን ያህል ሲናገሩ ከሰማች ወራት አልፏታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባባ ወንበር ከመስኮቱ ወደ ገንዳው ዞረ። መጀመሪያ ከዓሣዋ ጋር አወሩ፣ ቀጥሎ ከእኛ ጋር፣ በኋላ ሊያያት ከሚመጣው ጎረቤት ሁሉ ጋር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሳይቀሩ መጥተው አይተው፣ ስብሰባ መኖሩን ረስተው ቁጭ አሉ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ገንዳው ፊት ክርክር ተነሳ፤ ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም። አባባ "ይቺ ለመበላት አልመጣችም፤ ክርክራችሁን ሥጋ ቤት በር ላይ አድርጉት" እያሉ ያባርሯቸው ነበር።

በዚያው ጾም አንድ ጠዋት አባባ ስሜን ጠርተው ጮኹ። ሮጬ ገባሁ። ዓሣዋ ማዕዘን ይዛ ጋደም ብላለች። አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ምግብ ብንጥልላት ዞር ብላም አላየችው። ጎማውን አየሁ፤ በደንብ ተነፍቷል። አረፋው ይወጣል። አሸዋውም ንጹሕ ነው። ምን እንደነካት ጠፋኝ።

እውነቱን ለመናገር ያስፈራኝ የዓሣዋ ሞት ብቻ አልነበረም። እሷ ከሞተች አባባ ወንበራቸውን መልሰው ወደ መስኮቱ ያዞራሉ ብዬ ነው የፈራሁት። አስቴርም የፈራችው ያንኑ ነው፤ ዐይኗ ላይ አየሁት።

"ውሃው ይጎድላል?" አሉ አባባ።

"ከላይ ለሙቀት ያንጠለጠልኩት አምፖል አለ፣ ፀሐዩም አለ፤ ይጎድላል። ግን አንድም ቀን አጉድዬባት አላውቅም። ከጀሪካኑ እየቀዳሁ እሞላላታለሁ" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

"የባሕሩን ውሃ?"

"አዎ፣ የባሕሩን!"

አባባ የመስታወቱ ጠርዝ ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉ። "አሰብ ላይ ጨው እንዲህ ነው የሚሠራው። የባሕሩን ውሃ ሜዳ ላይ ያስተኙታል። ፀሐይ ውሃውን ወስዳ ጨውን ትተዋለች። አንተም እዚህ ቤት የጨው ፋብሪካ ከፍተሃል" አሉኝ።

መድኃኒቱ ጨው የሌለው ውሃ መጨመር ነው። ግን ምን ያህል? ካነሰ አይረባትም፣ ከበዛ ይገድላታል። ያልተከፈተ አንድ ጀሪካን የባሕር ውሃ ስለነበረን ገንዳውን ከእሱ ጋር እያስተያዩ መቅመስ ብቻ ነው ያለው። ጣቴን ነክሬ ወደ አፌ ሳስጠጋ አባባ እጄን ቀጨም አደረጉት።

"ጾም ነው።"

"እተፋዋለሁ፣ አባባ።"

"ምላስህ ላይ ካረፈ አረፈ ነው። በእኔ ምክንያት ጾም አትገድፍም!"

እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ባፋቸው አይዞርም። አስቴርም እንደዚያው ናት። ዓሣዋ ግን ዘጠኝ ሰዓትን የምትጠብቅ አትመስልም ነበር። ሦስታችንም ገንዳውን ከበን ቆምን።

ድንገት አስቴር "እትዬ ዘይነባ!" ብላ ወጣች።

እትዬ ዘይነባ አጥር የምንጋራቸው፣ የባለሱቁ የጋሽ ሸምሱ ባለቤት ናቸው። ረመዳን ሲገባ ለማፍጠሪያ የሚሠሩትን ሾርባ ጨው መቅመስ ስለማይችሉ "አስቴር፣ ነይ ምላስሽን አውሺኝ" ብለው በአጥሩ ላይ ይጠራሉ። አስቴርም ሄዳ ትቀምስላቸዋለች። የሁለቱ ነገር የቆየ ነው። የባሕር ውሃ ግን አዲስ ነበር።

እትዬ ዘይነባ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡ። "እኔ ወጥ ነው እንጂ ባሕር ቀምሼ አላውቅም" አሉ።

"ልጄ፣ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ብቻ ንገሪን" አሉ አባባ።

መጀመሪያ ከጀሪካኑ ቀመሱ። ፊታቸው ተኮማተረ፤ ደጅ ወጥተው ተፉ። ከዚያ ከገንዳው ቀመሱ። "ያ ረቢ! ይሄማ ይብሳል፤ ምላስ ይልጣል!" አሉ። አባባ ልክ ነበሩ።

በርሜል ውስጥ ካደረ ውሃ በጣሳ እየቀዳሁ ቀስ አድርጌ ጨመርኩ። አባባ "አትቸኩል፤ ባንድ ጊዜ ከተለወጠባት ትደነግጣለች" እያሉ እጄን ይቆጣጠራሉ። ጥቂት እንጨምራለን፣ እናቆያለን፣ እትዬ ዘይነባ ይቀምሳሉ፣ ደጅ ወጥተው ይተፋሉ። መሃል ላይ "አሁንስ ስኳርም ብታቀርቡልኝ አለየውም" ብለው ዳቦ አስመጡና ምላሳቸውን በዳቦ እያጸዱ ቀጠሉ። እኛ ጾመኞች ቆመን ዳቦ ሲበሉ እናያለን። በየመሃሉም "ሸምሱ ምሳ የት አለ ቢለኝ ባሕር ላይ ነበርኩ ነው የምለው?" ይላሉ።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ከጀሪካኑ ቀመሱ፤ ከገንዳው ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ። "እኩል ነው። ወላሂ እኩል ነው። አሁን ከዚህ ቤት ልውጣ!" አሉ።

ቁጭ ብለን ጠበቅን። ዓሣዋ መጀመሪያ ክንፏን አንቀሳቀሰች። ቀጥሎ ከማዕዘኑ ወጣ ብላ አረፋው ጋ ደረሰችና ተመለሰች። የዘጠኝ ሰዓት ደወል ሳይደወል ያቺን የከበዳትን ሰውነቷን አቅንታ ገንዳውን ዞረችው።

"ኧረ ተመስገን!" አልኩ። አባባን ዞር ብዬ ሳይ የሚያዩት ዓሣዋን አልነበረም። እትዬ ዘይነባን እያዩ ነው። እሳቸው በራፉ ላይ ቆመው ምላሳቸውን አውጥተው በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። አባባ ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኛ ቤት ከመጡ ጀምሮ ሲስቁ ሰምተናቸው አናውቅም። አስቴር እየሳቀች አለቀሰች፤ እኔ የትኛውን እንዳደረግኩ አላስታውስም።

"ውለታሽን በምን ልክፈል?" አሏቸው አባባ በኋላ።

"ሸምሱ ሱቅ ውስጥ ዳማ የሚጫወተው ሰው አጥቶ እኔን ይነዘንዘኛል። እሱን ይያዙልኝ" አሉ እትዬ ዘይነባ።

አባባ በማግስቱ ሄዱ። ከዚያ በኋላም መሄድ አላቆሙም።

ዓሣዋ ከዚያ ጾም በኋላ ክረምቱን ከእኛ ጋር አሳለፈች። እኔም የጎደለውን በባሕር ውሃ መሙላት ትቼ ባደረ ውሃ እሞላላታለሁ። መስከረም ጠብቶ አንድ ቀን ለምሳ ወደ ቤት ስመለስ ሞታ ተንሳፍፋ አገኘኋት። ብርዱ ይሁን ዕድሜዋ አላወቅኩም። አባባ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ዳማ ላይ ነበሩ። ወደ ሥራ መመለስ አቃተኝ። አስቴር እና እኔ ለአባባ እንዴት እንደምንነግራቸው ስንመካከር ዋልን። "አባባ፣ እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" ብዬ ልጀምር ተስማማን፤ የሰው መርዶ የምናረዳ ነው የምንመስለው።

አባባ ወደ ማታ ላይ ከሱቁ መጡ። ከበር ጀምሮ ጋሽ ሸምሱን እንዴት እንዳሸነፏቸው እያወሩ ነበር። ገንዳውን ሲያዩ ቆም አሉ። "አባባ…" ብዬ ጀመርኩ። ያ ሁሉ መንፋት፣ ያ ሁሉ ማሸግ፣ ያ ሁሉ ፍርሃት ትዝ አለኝና እንደ ልጅ አለቀስኩ።

አባባ መጥተው ትከሻዬን ያዙ። "አይዞህ፤ አይዞህ እንጂ! ለዓሣ እንዲህ ይኮናል?" አሉኝ። አጠገቤ ተቀምጠው እስኪወጣልኝ ድረስ ጀርባዬን ደባበሱልኝ። ከዚያ ለአስቴር "እራት አቅርቢልን፤ ይሄን ሰው አጫውተዋለሁ" አሏትና ጋሽ ሸምሱን ያሸነፉበትን ወሬ ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ።

አባባ ይመር ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረውን ኖሩ። ዝም ያሉበትን ቀን አላስታውስም፤ እንዲያውም አንዳንድ ቀን ጆሮዬን ያመኝ ነበር። አሁን እሳቸውም ጋሽ ሸምሱም የሉም። ያን ቀን ሳስበው ግን አላዝንም። አማቴን ላጽናና ተዘጋጅቼ እሳቸው አጽናኑኝ፤ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ ቤቴ ገብቶ አያውቅም።