የጨው ክፍሉ ግድግዳ

የታሪክ መምህር ሆኜ ቆቦ በተመደብኩበት ዓመት፣ ከገበያው ጀርባ አንድ አሮጌ ቤት አገኘሁ። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ቤት ነው። ያሠራው ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ ከአፋር በግመል የሚመጣውን አሞሌ ጨው ተረክቦ ወደ ደጋ የሚልክ። ሁለት ክፍል ነበረው፦ የፊተኛው መኖሪያ፣ የኋለኛው የጨው ማከማቻ። ይህን ያስረዱኝ የነጋዴው የልጅ ልጅ የሆኑ፣ እዚያው ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ተማሪዎቼን በየተራ እያመጣሁ አስጎበኘሁ። ቅርስ ተብሎ እንዲመዘገብም አመለከትኩ፤ ተመዘገበ። በሩ ላይ ሰሌዳ ሲተከል ከእኔ በላይ የተደሰተ አልነበረም።

ያስቸገሩኝ ከብቶቹ ናቸው። የኋለኛው ክፍል ግድግዳ ዘመኑን ሁሉ ጨው ሲጠጣ ስለኖረ፣ ክረምት ርጥበት ሲያገኝ ጨውን ወደ ውጭ ይተፋዋል። ምርጊቱ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ዝናቡ ሲያባራ አሮጊቷ ያንን ምርጊት በአሮጌ ማጭድ ፍቀው ያወርዱታል፤ ጎረቤቱም ላሙንና ፍየሉን ነድቶ መጥቶ የተፋቀውን አፈር ያስልሳል። ከዚያ እሳቸው በጭቃና በጭድ እንደ አዲስ ይመርጉታል። በዓመቱም እንዲሁ።

አንድ ቀን ተማሪዎች ይዤ ስደርስ፣ አንዲት ላም አፈሩን ትታ ግድግዳውን ራሱን ስትልስ አገኘኋት።

«እማማ፣ ይኼ እኮ ቅርስ ነው!»

«ታዲያ ሰሌዳውን እሷ መች ታነባለች?»

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ።

«የምሬን ነው እማማ፤ ግድግዳው እያለቀ ነው።»

«የሚያልቀው የኔ ጭቃ ነው ልጄ። ግድግዳው ጨዉን ካላወጡለት ያብጣል። እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገው፣ ወላሂ።»

ጥሩ የቃል ታሪክ ነው ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አላመንኩትም።

ከነጋዴዎች መዋጮ ሰብስቤ ሲሚንቶ ገዛሁ፤ ግንበኛ አመጣሁ። አሮጊቷ ሁለት ቀን ተከራከሩኝ። በሦስተኛው ቀን፣ «እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ፤ አላህ ያሳምረው» ብለው ተዉኝ። ግድግዳው በውስጥም በውጭም ተለሰነ። ከብት እንዳይገባም አጥሩን አጠበቅን።

የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ፤ እኔም ኮራሁ። በሁለተኛው ልስኑ እዚህም እዚያም ተነፋ። አሮጊቷ በጣታቸው ሲያንኳኩት ባዶ እንስራ መሰለ። «ጨዉን አሰርከው» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ደንግጬ ላስነሳው ስሞክር ሲሚንቶው ድንጋይ ይዞ መጣ፤ ከኋላው ያለው ጭቃም እንደ አመድ ፈሰሰ።

ነገሩ ቀላል ነው፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተብራርቶ ያልቃል። ጭቃ ይተነፍሳል፤ ርጥበቱም ጨዉም በእሱ በኩል ይወጣሉ። በየዓመቱ የሚጎዳው ምርጊቱ ነው፣ ግድግዳው ይተርፋል። ሲሚንቶው መውጫውን ዘጋበት፤ ጨዉም ወደ ውስጥ ተመልሶ ድንጋይን ከድንጋይ ያያያዘውን ጭቃ በላው። ይህን ሁሉ አሮጊቷ ያለ ሰሌዳና ያለ ጠመኔ ነግረውኝ ነበር።

በነሐሴ ወር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጨው ክፍሉ ተደረመሰ፤ የፊተኛውንም ጣሪያ ይዞት ወረደ። አሮጊቷ ጎረቤት ሄደው ስለነበር ተረፉ። ልጃቸው ከዋጃ መጥታ ወሰደቻቸው። ሚኒባሱ እስኪሞላ አጠገባቸው ቆምኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ «ተወው ልጄ፤ ሂድ፣ ተማሪዎችህ ይጠብቁሃል» አሉኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ዋጃ አልተስማማቸውም፤ ብዙም ሳይቆዩ መርዷቸው መጣ።

ቤቱን ያስመዘገብኩት እኔ ስለሆንኩ ከመዝገብ የሚሰረዝበት ቅጽም ለእኔ ተላከልኝ። «የፈረሰበት ምክንያት» ከሚለው ፊት አንድ ባዶ መስመር ነበር። ቅጹን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ «በእርጅና» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም።