አለቃዬን «በሞቴ» ያስተማርኩ ዕለት

ከደባርቅ እስከ ዛሪማ ሰውን ከሰው በማግባባት የሚስተካከለኝ የለም። ጊዜ ቢሰጡኝ ጭላዳ ዝንጀሮን ከገብስ ጠባቂ ጋር አስታርቄ አንድ ማዕድ ላይ ማቅረብ አያቅተኝም። ቢሮ ውስጥ ግን ይህን ችሎታዬን አንዴ ብጠቀምበት መውጫ ያጣሁት እኔው ሆንኩ።

የምንሠራው በገደል አፋፍ የሚያልፉ የእግር መንገዶችን በሚጠግን ፕሮጀክት ነው። አለቃችን ከኔዘርላንድ የመጣች መሐንዲስ ናት፤ አገሯ ትልቁ ተራራ የድንች ክምር ነው አሉ። «እርስዎ» ስንላት ያረጀች ስለሚመስላት «አንቺ» በሉኝ ብላናለች። ቀያሻችን የአዲ አርቃይ ልጅ ነው፤ በአማርኛ ይስቃል፣ በትግርኛ ይናደዳል። እኔ ደግሞ የዳባት ሰው፣ የመንገዶቹን ሪፖርት ጸሐፊ፣ ሁሉንም አግባቢ።

እሷን ያስቸገራት እሺታችን ነበር። «ሐሙስ ይደርሳል?» ትላለች። ሁላችንም «እሺ» እንላለን። ሐሙስ ይመጣል፣ ሥራው አይመጣም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሹካዋን ወረወረችው።

«ለምን አልችልም አትሉም? እኛ አገር አይሆንም ማለት ስድብ አይደለም!»

አዘንኩላት፤ ትንሽ ተንኮልም አላጣሁ። «እኛ ዘንድ እንግዳ ጠገብኩ ሲል ባለቤቱ ‹በሞቴ› ይለዋል። ‹በሞቴ› የተባለ ሰው እንቢ አይልም» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ቢሮው ወጥመድ ሆነ። «ካርታውን ዛሬ፣ በሞቴ!» «ስብሰባው በሰዓቱ፣ በሞቴ!» ሌላው አማርኛዋ የፈረንጅ ቅላፄ ቢኖረውም ይህቺ ቃል ጥርት ብላ ነው የምትወጣው። ሴትዮዋ በሰው አገር፣ ዘመድ በሌለበት፣ በቀን አርባ ጊዜ ሞቷን ስትጠራ ማን ጨክኖ እንቢ ይላል?

«ጋሼ፣ መትረየስ ያስታጠቋት እርስዎ ነዎት» አለኝ ቀያሹ።

«ለበጎ ብዬ ነው።»

«ዋይ! ወደ እርስዎ የተኮሰች ዕለት በግ አርዳለሁ።»

በጉ ብዙም አልዘገየም። ወደ መካነ ብርሃን በሚወስደው መንገድ፣ አንድ ሰው ብቻ በጭንቅ የሚያሳልፍ የቋጥኝ ጠርዝ ላይ ደረስን። የዚያን ቀን ልኬቱ ካልተወሰደ ጥገናው ክረምት ሳይገባ አይደርስም። ሜትሩን ከማዶ የሚይዝ ሰው ጎደለ። ከበታቻችን ጭጋግ ነው፤ ከጭጋጉ ሥር ደግሞ ምንም የለም።

«አንተ ያዝ» አለችኝ። «ስለዚህ መንገድ የጻፍከው አንተ ነህ፤ ከሁላችን በላይ ታውቀዋለህ።»

«ጉልበቴን ትንሽ…»

«በሞቴ።»

ቀያሹ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን ሲስቅ ይታየኛል። የሜትሩን ጫፍ ይዤ ሄድኩ። አምስት እርምጃ እንደሄድኩ ወደ ፊት አልል፣ ወደ ኋላ አልል፤ ድንጋዩን አቅፌ ቀረሁ። ከማዶ ነጭ ሽንኩርት በጀርባቸው የተሸከሙ እናት መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«አያ፣ ይሂዱ እንጂ! ገበያ ሊያመልጠኝ ነው።»

«እናቴ፣ አልችልም።»

«ታዲያ በላይዎ ልለፍ?»

አለቃዬ ሰማች። ቀስ ብላ መጣችና ቀበቶዬን ከኋላ ይዛ፣ እንደ እልኸኛ አህያ እርምጃ በእርምጃ ወደ ኋላ ጎተተችኝ። እናትየዋ እያጉረመረሙ አለፉ። እኔ መሬት ላይ ተዘረፈጥኩ።

«አልችልም ማለት ይኼን ያህል ከባድ ነው?» አለችኝ። ቁጣ የለባትም። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ እኔ የጻፍኩትን ሪፖርት አወጣች። «እዚህ ላይ ግን ‹ሁለት በቅሎ ጎን ለጎን ያሳልፋል› ብለሃል።»

ቀያሹም መሳቁን ተወ። ማምለጫ ስላልነበረኝ እውነቱን ነገርኳቸው። ገደል እፈራለሁ። ያን መንገድ አንድም ቀን ረግጬው አላውቅም ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሪፖርቱን የጻፍኩት ደባርቅ ገበያ የሚመጡትን እየጠየቅኩ ነው። ሁለቱን በቅሎ የጨመርኩት ግን እኔ ነኝ።