ሳር የበላው ጎማ

ባለፈው ሰሞን ልጄን ልሸኝ ነቀምት መናኸሪያ ቆሜ ሳለ፣ አንድ ሚኒባስ አጠገቤ መጥቶ ሲቆም የጋለ ጎማ ሸተተኝ። ከጎማው ጋር የታሸ ሳር ሽታም የመጣብኝ መሰለኝ። መኪናው ሳር አልነካም፤ ሽታው የመጣው ከራሴ ውስጥ ነው። ልጄ ለሥራ ልምምድ ወደ ዲጋ ልትሄድ ነበር። ሹፌሩን "ስኮርታ ጎማ ይዘሃል?" ብዬ ጠየቅሁት። እሷ አፍራ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ቀጥዬ የእሷን ቦርሳ ከፍቼ አየሁ። "እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ ያሸግሁት!" አለችኝ። ቢሆንም አየሁ። የተቋጠረ ነገር ሳላይ አላምንም።

ያን ሽታ ባወቅሁበት ጊዜ እኔ ከእሷ በብዙ የማንስ ልጅ ነበርኩ። የምንኖረው ጊዳ አያና ነበር። አራተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ክረምቱ ወጥቶ፣ መንገዱ እየደረቀ ነበር። አባቴ አንድ ቀን "ነቀምት አክስትሽ ዘንድ ሆነሽ ትማሪያለሽ" አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እናቴ ጸጉሬን ስትሠራኝ ቅቤውን አበዛችው፤ እየሠራችኝም ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር። ለትምህርት የምትሄድ ልጅ ይህን ያህል ቅቤ ምን ያደርግላታል? "ደብተሬስ?" ስል አባቴ "እዚያ ይገዛል" አለ። ልብሴን የቋጠረበትን ጥቅል እንዳልነካው ከራስጌው አሳደረው። ከሰፈራችን አንዲት ልጅ እንዲሁ ልትማር ነው ተብላ ሄዳ፣ ልጅ አዝላ ነበር የተመለሰችው። እኔ ይህን አልረሳሁም። ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤት ይሁን ወደ ባል ቤት የምሄደው ሳላውቅ መኪና ላይ ወጣሁ።

መኪናዋ ከኋላዋ አግዳሚ የተገጠመላት አሮጌ ፒክአፕ ነበረች። ፊት ለፊቴ ዶሮዎች የያዘች ሴት ተቀመጠች። ሁሉም አዴ ይላት ነበር፤ በአገሩ ትልቅ ሴት የምትጠራው እንዲያ ነው። ቅቤዬ በፀሐይ ቀልጦ ግንባሬ ላይ ሲወርድ አይታ ሳቀች።

"ማል ኢንተላ ኮ፣ ሚሲሮ ነሽ እንዴ?"

ልጄ፣ ሙሽራ ነሽ ወይ ማለቷ ነው። አባቴ ከእኔ ቀድሞ "ተማሪ ናት! ተማሪ!" አለ። ማንም ሳይቆጣው ቁጣ ነበረው ድምፁ። ከዚያ በኋላ ከፊቱ ላይ ዓይኔን አላነሳሁም። እሱ ግን መንገድ መንገዱን ያይ ነበር።

ወደ አንገር ወንዝ መውረጃው ከመድረሳችን በፊት መኪናዋ ዷ! ብላ ወደ ጎን ተንጋደደች። ዶሮዎቹ ጮኹ። ወረድን። የኋላ ጎማው ተንፍሶ ተኝቷል፤ የውስጡ ከመነዳሪ ቅድድ ብሏል።

"ስኮርታስ?" አለ አንድ ሰው።

"ስኮርታውማ ያው ተሰቅሏል፤ ግን እሱም የተነፈሰ ነው" አለ ሹፌሩ።

ይህንንም ጠረጠርኩ። ጠዋት ሹፌሩና አባቴ በሹክሹክታ ሲያወሩ አይቻቸው ነበርና፣ ሆን ብለው እዚህ ያቆሙኝ፣ የሚቀበለኝ ሰው ከቁጥቋጦው የሚወጣ መሰለኝ። ማንም አልወጣም። ሹፌሩ ብቻ ማጭድ አወጣና "ሳር እጨዱ! ደረቁን ሳይሆን ወዛሙን!" ብሎ አዘዘ።

ያኔ በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይህን ሥራ ያውቀው ነበር። ወንዶቹ አጨዱ፣ እኛ ተሸከምን። ሹፌሩ ጎማውን በአንድ ጎኑ ከቸርኬው አላቆ፣ የተቀደደውን ከመነዳሪ አወጣና በምትኩ ሳሩን በዱላ እየጠቀጠቀ ሞላው።

"ሳር የሚበላ መኪና ዛሬ ገና አየሁ" አለች አዴ። "ማታ ታልበዋለህ በለኛ!"

"ይብላ እንጂ አዴ። ከበላ ይሄዳል።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አባቴም ሳቀ። ሹፌሩ ግን ሳሩ ብቻውን ቶሎ ተፈጭቶ እንደሚያልቅ፣ መሃሉ ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ እንደሚይዘው ተናገረና ከየሰዉ አሮጌ ጨርቅ ለመነ። አዴ የዶሮዎቿን ጆንያ ሰጠች። አንዱ የተቀደደ ሹራቡን አወለቀ። ሹፌሩ ወደ አባቴ ዞረ።

"ጋሼ፣ ከዚያ ጥቅል አሮጌ ነገር አይጠፋም።"

"የልጅቱ ልብስ ነው። ተወው።"

"የድሮ ቀሚሴ ይኖራል፣ አባባ" አልኩ። የድሮ ቀሚሴን መስጠት ፈልጌ አይደለም። ጥቅሉ ሲፈታ ለማየት ነው።

አባቴ ሰው ሁሉ ሲያየው ጊዜ እምቢ ማለት አልቻለም። ጀርባውን ሰጥቶን ቋጠሮውን ፈታ። እኔ ግን በብብቱ ሥር አየሁ። ጥለቱ ቀይ የሆነ አዲስ ነጭ ቀሚስ ነበር። ነጠላ ነበር። ከሁሉ ሥር ደግሞ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ፣ ታጥቦ ታጥፎ። እናቴ ናት እሱ ሲተኛ የጨመረችው። ሲያየው እጁ ቀጥ አለ፤ አባቴ እንዳላወቀ በዚያ ገባኝ።

ከጥቅሉ ውስጥ አሮጌ ነገር ያ ዩኒፎርም ብቻ ነበር።

አባቴ ሰማያዊውን አውጥቶ ለሹፌሩ ሰጠው። ነጩን መልሶ ቋጠረው። ስጠረጥር የከረምኩትን ነገር በአፉ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አድርጎ አይመልስልኝም ነበር።

አዴ መሳቋን ተወች። "ተማሪ ናት አላልክም?" አለችው። አባቴ የጥቅሉን ቋጠሮ አጠበቀ። ሹፌሩም ዩኒፎርሙን ይዞ እኔን አየኝ፤ ቶሎ አልጠቀለለውም። በኋላ ግን ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበርና ጠቀለለው።

አክስቴ ቤት አልተማርኩም። በዚያው ጥቅምት ተዳርኩ። ይህን የምጽፈው በአራተኛ ክፍል ፊደሌ ነው፤ ስህተቱን ልጄ ታርምልኛለች። እሷን ደግሞ ከመማር ያስቀራት ማንም የለም፤ ያም ሆኖ በሄደች ቁጥር ቦርሳዋን እከፍታለሁ።

በሳር የተሞላ ጎማ ብዙ ሰው አይችልም። ያን ቀን ሹፌሩ ቁልቁለቱን በእግር እንድንወርድ አዘዘን። መኪናዋ ከፊታችን እያነከሰች ቀስ ብላ ወረደች፤ ሳሩ ጎማው ውስጥ እየጋለ ይጨስ ነበር። በግራና በቀኝ ጫካ ነው። ብሮጥ የሚደርስብኝ አልነበረም፤ አባቴ ጉልበቱን ያመው ነበር። ይህን ሳስብ እጄን ያዘኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ይዞኝ አያውቅም። መዳፉ በላብ ረጥቦ ነበር፤ አውራ ጣቱ የእጄን ጀርባ ሲያሻሸው ይታወቀኛል።

እንዳላመልጠው ይዞኝ ይሆን፣ ወይስ አዝኖልኝ? አሁን ራሴ እናት ሆኜ ሳስበው አንዳንድ ቀን ይህኛው፣ አንዳንድ ቀን ያኛው ይመስለኛል። ሳልጠይቀው ሞተ።

እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ አልለቀቀኝም። እኔም እጄን አልሳብኩም።