እስከ ገበሯ የተፈተሸች

ተማሪዎቼ «ጉምሩክ» ይሉኛል። በፊቴ «ቲቸር» ነኝ፤ ጀርባዬን ስሰጣቸው ነው ጉምሩክ የምሆነው። ሳይፈተሽ የሚያልፍ የለም ለማለት ነው። ይበሉ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል የሰማሁት ዛሬ አይደለም። ሃያ ዓመት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሳስተምር ጫማ ሶል ላይ የተጻፈ መልስ ይዣለሁ፤ የውሃ ጠርሙስ ላይ የተለጠፈም ይዣለሁ። አንዱማ ጤነኛ ክንዱን በፋሻ ጠቅልሎ፣ ፋሻው ውስጥ ምዕራፉን በሙሉ ጽፎ መጥቷል። ታዲያ ማንን ልመን?

ልብስ ሰፊዋ የቅዳሜ ክፍሌ ገብታ ፊት ወንበር ላይ ስትቀመጥ ገና ከመጀመሪያው ቀን ሆዴ ጠረጠረ። ሠላሳውን ያለፈች፣ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ሜትር ማውለቅ የረሳች ሴት ናት። ዲግሪ አላት፤ ውጤቷ ግን የሚወራለት አልነበረም። በልጅነቷ ኮሌጅ እያለች እናቷ ታመው አልጋ ያዙ። የእናቷን የስፌት መኪና ተረክባ ቤቱን ማስተዳደር እሷ ላይ ወደቀ፤ ፈተና የምትመጣው ዕንቅልፏን ይዛ ነበር። ይህንኑ ኬሚስትሪ ያኔ ከሌላ አስተማሪ ወስዳ «ዲ» አገኘች። አሁን እናቷ ካረፉ በኋላ ሕክምና ካልተማርኩ ብላ ተነሣች። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ደግሞ በዲ አይቀበልም። ትምህርቱን መድገም ትችላለች፤ የሚደገመው ግን አንዴ ብቻ ነው። ይህ ከተበላሸ በቃ፣ በሩ ተዘጋ።

እስኪ አስቡት። አንድ ዕድል ብቻ የቀራት ሰው፣ ያውም ዲ ይዛ፣ ስንት ለስላሳ አስተማሪ እያለ እኔ ጋ ምን አመጣት? ከጎኔ ባለው ክፍል የሚያስተምረው ባልደረባዬ ዘንድ እኮ ስሙን በትክክል የጻፈ ሁሉ ያልፋል። እሱን ትታ እኔን!

«ለምንድን ነው የእኔን ክፍል የመረጥሽው?» አልኳት ፊት ለፊት።

«ሰዓቱ ተመችቶኝ ነው ቲቸር።»

የእኔም የባልደረባዬም ክፍል የሚጀምረው በተመሳሳይ ሰዓት ነው። ዋሸችኝ! ነገሩን በሆዴ ያዝኩት።

የመጀመሪያው ፈተና ላይ ከግማሽ በታች አመጣች። በሁለተኛው ከግማሽ በላይ አመጣች። በሦስተኛው ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣች። ሌላ አስተማሪ ቢሆን «ጎበዝ!» ይላታል። እኔ ግን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ብዬ ቦታዋን ቀየርኩ። ግድግዳ አስጠግቼ ብቻዋን አስቀመጥኳት፤ የእሷን ጥያቄ ከሌሎቹ ለየሁት። ምንም አላገኘሁም። ያስቸገሩኝ ጣቶቿ ብቻ ነበሩ። ከመጻፏ በፊት አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ገጥማ ጭኗ ላይ ወጋ፣ ሳብ፣ ወጋ፣ ሳብ ታደርጋለች።

«ለማን ነው የምትጠቁሚው?» ብዬ አንዴ ድንገት ከበላይዋ ቆምኩ።

«እ? ኧረ ለማንም! ልማድ ሆኖብኝ ነው ቲቸር።»

ለትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ብነግረው ሳቀብኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን የገዛ ጥላሽን መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» አለኝ። ይሳቅ፤ ሳቅ አይቀረጥም።

እኔ ጋ ውጤት የሚወስነው የማጠቃለያው ፈተና ብቻ ነው፤ የዚያን ቀን ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ሁሉም ደራርቦ መጣ፤ እሷም ግራጫ ካፖርት ለብሳ መጣች። ኪሷን ፈተሽኩ። መርፌ የተሰካበት ቁራጭ ጨርቅ አገኘሁ፤ እሱንም ወሰድኩባት። ፈተናው ተጋምሶ አዳራሹ ሞቅ ሲል የካፖርቷን ቁልፎች ፈታች። አንዱ ጎን ወደ ውጭ ሲገለበጥ ዓይኔ ገበሩ ላይ ዐረፈ።

ወይ ጉድ! ገበሩ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተቀጣጠለ ነው። በየቁራጩ ላይ ባለ ስድስት ጎን ቀለበት፣ ሰንሰለት፣ ቅርንጫፍ ተሰፍቶበታል። ጥቁሩ ካርቦን፣ ቀዩ ኦክስጅን፣ ሰማያዊው ናይትሮጅን፣ አረንጓዴው ክሎሪን፤ ልክ ላቦራቶሪ ውስጥ እንዳሉን የሞዴል ኳሶች። የአንድ ሴሚስተር ትምህርቴ በክር!

«እጅ ከፍንጅ!» ስል አዳራሹ በሙሉ ቀና አለ። ምን እደብቃለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

እሷ ገበሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ፊቷ ዐመድ መሰለ። «ወይኔ እናቴ» አለች በቀስታ።

ይዣት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። እሷ እያለቀሰች ወደ እሱ ዞረች።

«ጋሼ፣ እኔ በዓይኔ ያነበብኩት አይያዘኝም። በእጄ የሰፋሁት ግን አይጠፋኝም። ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ ቁራጭ ጨርቅ ላይ እየሰፋሁ ነው ያጠናሁት። ብርዱ ሲመጣ ካፖርቴ ገበር አልነበረውም። የሰው ጨርቅ አይነካ፤ ያለኝን ቁርጥራጭ ቀጣጥዬ ገበር አደረግኩት። ጨርቁን እንጂ ክሩን አላየሁትም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ሲባል አልሰሙም?»

«ሞኝሽን ፈልጊ!» አልኳት። ከገበሩ ሥር ወረቀት አይጠፋም ብዬ መቀስ አንሥቼ ስፌቱን ተረተርኩት። ወረቀት የለም። እሷ የመቀስ አያያዜን አይታ ፊቷን አዞረች።

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «ኩረጃ ከሆነ ትምህርቱ ይሰረዛል። ሌላ ዕድል እንደሌላት ታውቂያለሽ። እርግጠኛ ነሽ?»

እርግጠኛማ ምን ልሁን! የሚኮርጅ ሰው ይደብቃል እንጂ ካፖርቱን ከፍቶ አይቀመጥም። ግን ይህም ራሱ ዘዴ ቢሆንስ? የሰው ብልጠት መች ያልቃል?

«ሌላ ጥያቄ አወጣላታለሁ። አሁኑኑ፣ እዚሁ፣ ዓይኔ ሥር ትሥራ» አልኩ። ካፖርቱን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበትና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

በስስ ሸሚዝ ተቀመጠች። አንዱን ጥያቄ ታነብና ባዶው ጠረጴዛ ላይ ወጋ፣ ሳብ፣ ወጋ፣ ሳብ፤ ከዚያ ትጽፋለች። እጅጌዋን አየሁ፣ መዳፏን አየሁ፣ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብዬ ሁሉ አየሁ። ኃላፊው በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ በእኔ ማፈሩ ነው።

ስትጨርስ እዚያው አረምኩት። ልክ፣ ልክ፣ ልክ። አንድ ቦታ ላይ ቀይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ናይትሮጅን መሆን ሲገባው ክሎሪን ጽፋለች።

«ይህን ከየት አመጣሽው? እኔ እንዲህ ብዬ አላስተማርኩም።»

ግራ ገባት። ዓይኗን ጨፍና ጣቶቿን ገጠመችና አየር ላይ መስፋት ጀመረች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቀጥ አለ።

«ውይ! እዚህ ጋ ሰማያዊ ክር አልቆብኝ ነበር። በአረንጓዴ ጨረስኩት» አለች።

ተነሥቼ ቁምሳጥኑን ከፈትኩ። ገበሩን እያገላበጥኩ ፈለግኩ፤ በግራ በኩል ብብቱ ሥር አገኘሁት። ያው ሰንሰለት ነው፤ ጫፉ አረንጓዴ። ካፖርቱ የተቆለፈበት ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ስሕተቱ ግን ጣቷ ላይ ነበር። ሰው አጠገቡ ከሌለ ነገር ላይ አይኮርጅም። ካፖርቱን አጥፌ እጇ ላይ አስቀመጥኩት።

የተያዘላት ያኛው ፈተና ሳይሆን ይኼኛው ነው። «ኤ ማይነስ» ሰጠኋት። ለአረንጓዴዋ ክር ቀንሼባታለሁ፤ ስሕተት ስሕተት ነው።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ማመልከቻዋን ካስገባች በኋላ አንድ ቀን ኃላፊው ቢሮ ጠራኝ። ከሕክምና ትምህርት ቤቱ ተማሪ የሚመርጡት ሐኪም ስልክ ላይ ናቸው፤ ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞልቶታል።

«ከዲ ወደ ኤ ማይነስ? ኤ እናንተ ጋ ይታደላል እንዴ? እኛ እንዲህ ያለ ዝላይ አናምንም፤ ልጅቷን ልንተዋት ነው። ለመሆኑ ይህን ውጤት የሰጠው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ደሜ ፈላ። እኔን ሊጠረጥሩ!

«እርስዎ ማን ነዎት?»

ኃላፊው ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ «ጉምሩክ ናት» አላቸው።

የሰውየው ድምፅ ሌላ ሆነ። «ልጄን ሁለት ጊዜ የጣሉት ሴትዮ?»

«ሰነፍ ከሆነ እኔ ምን ላድርገው» አልኳቸው። «ይህችን ግን ኪሷን፣ እጅጌዋን፣ እስከ ገበሯ ድረስ ፈትሻታለሁ። በመቀስ ተርትሬ ሁሉ አይቻለሁ። ያገኘሁባት ሥራ ብቻ ነው።»

«እርስዎ ካሉማ ምን ቀረ» አሉ። «ትግባ።»

ልብስ ሰፊዋ ልትሰናበተኝ መጣች። ያንኑ ካፖርት ለብሳለች፤ የተረተርኩትን ጎን መልሳ ሰፍታዋለች፤ የት ጋ እንደነበር እንኳን አይታወቅም። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። አንድ ነገር ግን ከሆዴ አልወጣም ነበር።

«ሰዓቱ ተመችቶኝ ነው ብለሽ ዋሽተሽኛል። እውነቱን ንገሪኝ፤ ለምን እኔ ጋ መጣሽ?»

አንገቷን ደፋች። «ቲቸር፣ ዲ የነበራት ልብስ ሰፊ ኤ አመጣች ቢባል ማን ያምናል? ሌላ ክፍል ባመጣው ኮርጃ ነው ይሉኛል። ጉምሩክ ፈትሾ ያሳለፈውን ግን ማንም ደግሞ አይፈትሸውም ብዬ ነው» አለችና ያመለጣትን ስም ስታስተውል አፏን በእጇ ያዘች።

በዚያ ስም በፊቴ የጠራችኝ ተማሪ እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ስድብ ነበር የሚመስለኝ፤ ለካ ለአንድ ሰው ተስፋ ነበር። እንባዬ መጣ። ልማዴ ነውና፣ እያባበለችኝ ይሆን እንዴ ብዬ ፊቷን ትኩር ብዬ አየሁት። እሷም ፈትሼ እስክጨርስ ዝም ብላ ቆመችልኝ።